የሰይፉ ምራቂ

ዳይሱ በካርቶኑ ላይ ተንከባለለ፣ የዮሳዲቅን ነጠላ ጫማ ገጭቶ ተመለሰ፣ ጥቂት ዞረና ቆመ። አራት ራስ አንድ ላይ ተደፋበት።

«አሥራ ሦስት» አለ ኑረዲን።

ትርሲት ከንፈሯን ነከሰች። አሥራ ሦስት ክፉ ቁጥር አይደለም። ችግሩ፣ ፊቷ የቆመው የጨው ሐይቅ አውሬ ቆዳው አሥራ ሰባት ነው። ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ የወረወረ ተዋጊ፣ ከነጭማሪው አሥራ ሰባት ካልሞላ ሰይፉ አየር ቀዝፎ ይመለሳል። አውሬው መቼም የለም፤ ያለው የጨዋታው መሪ በሆነው በኑረዲን አፍ ውስጥ ነው። ቢሆንም አራቱ ልጆች ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ግንብ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ሲያሳድዱ የከረሙት እሱን ነው። ከሌለ አውሬ ጋር የተጣላ ልጅ ደግሞ ካለው ጋር ከተጣላው ይብሳል።

አውሬው ሊወድቅ አንድ ምት ቀርቶታል። ያቺን ምት ማን እንደሚያሳርፋት ዛሬ ቀልድ አይደለም። የኑረዲን አባት በሀብታሞቹ ሰፈር በሀራሙስ የነበራቸውን የዘበኝነት ሥራ ጨርሰዋል፤ ነገ ጠዋት ቤተሰቡ ጠቅልሎ፣ ድንበር ተሻግሮ ድሬዳዋ ይሄዳል። ሳጥኑ ግን እዚሁ ይቀራል። ሳጥኑ ማለት ዳይሶቹ፣ አውራ ጣት የሚያካክሉት ተዋጊዎችና ያ ወፍራም የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ናቸው፤ አባትየው ይጠብቁት በነበረው ቤት የኖሩት ፈረንጆች ሲሄዱ ጥለውት የሄዱት ነው። «አውሬውን የጣለ ሳጥኑን ይወስዳል፤ መሪም ይሆናል» ብሎ ኑረዲን ቃል ገብቷል። ከትርሲት ቀጥሎ ተራው የሒክማ ነው። ሒክማ ቀስተኛ ናት፤ ፍላጻዋን ደግና የትርሲትን መሳት ትጠብቃለች። ጓደኛ ብትሆንም ትጠብቃለች፤ ምን ታድርግ።

«የክንድሽ ጉልበት ሁለት» አለ ኑረዲን በጣቱ እየቆጠረ። «አሥራ አምስት። የሰይፍሽ ምራቂ አንድ። አሥራ ስድስት።»

ምራቂ ያሉት እነሱ ናቸው። መጽሐፉ የራሱ ፈረንሳይኛ አለው፤ ማን ይሸከመዋል። ቲማቲሙ ተመዝኖ ካለቀ በኋላ ሻጯ ከላይ ጣል የምታደርጋት አንዷ ፍሬ ምራቂ ከተባለች፣ አስማት የሚያውቅ አንጥረኛ በሠራው ሰይፍ ላይ ከዳይሱ በላይ ጣል የምትደረገው አንዷ ቁጥርስ ምን ልትባል ኖሯል?

«አንድ ጎደለኝ» አለች ትርሲት።

«የኔ ጸሎትስ?» አለ ዮሳዲቅ። በጨዋታው ውስጥ ቄሱ እሱ ነው። ከውጊያው በፊት የትርሲትን ሰይፍ ባርኮላት ሁሉም እጃቸውን ዘርግተው አሜን ብለዋል። «ዝም ብዬ ነው እንዴ ጉሮሮዬን ያደረቅኩት? የተባረከ መሣሪያ ምራቂው አንድ ነው፤ አንተው ነህ ያልከው።»

ኑረዲን መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘግቶ ይዞታል። አልከፈተውም። ትርሲትን አየ፣ ዳይሱን አየ።

«ልክ ነህ» አለ። «አሥራ ሰባት። ሰይፉ ገባ። አውሬው ወደቀ።»

«ቆይ አቦ» አለች ሒክማ። «ሰይፉ እኮ አንዴ አስማት አግኝቷል። አስማት ላይ አስማት ምኑ ላይ ነው የሚደመረው? ሁለት ጃንጥላ ደርበሽ ብትይዢ ፀሐይ ሁለቴ አይጋረድልሽም።»

«ኧረ ባክሽ፣ እኛ ውጊያ ላይ ነን፣ አንቺ ጃንጥላ ትሸጫለሽ» አለ ዮሳዲቅ።

የሒክማ እናት፣ ማይሙና፣ ገበያ ውስጥ የሚሸጡት ጨርቅና ጃንጥላ ነው። ዮሳዲቅ ይህን ያውቃል፤ ትርሲትም ታውቃለች። ግን አሥራ ሰባት ሞልቶላት ልቧ ዘሎ ነበርና ሳቀች። ሳቋ ከዮሳዲቅ ሳቅ ረዘመ።

«ደግሞ ምራቂ ላይ ምራቂ አይጨመርም ያለው ማነው?» ቀጠለ ዮሳዲቅ። «ገበያ ሄደሽ ‹እባክሽ አንድ ድገሚኝ› ስትያት ሻጯ እምቢ ትልሻለች?»

«እናቴን ሄደህ ጠይቃት። እምቢ ትልሃለች» አለች ሒክማ። ተነሥታ የቀሚሷን አቧራ አራገፈች። ኑረዲንን «ደህና ግባ፣ እናትህን ሰላም በልልኝ» አለችው። ለትርሲት ምንም ሳትል በግንቡ ጥግ ታጥፋ ሄደች።

ቅዳሜ ጋቦዴ ሰፈር ባለችው ክፍላቸው ትርሲት ሳጥኑን አልጋው ላይ ዘረገፈችው። ነፋስ ማራገቢያው ገጹን እንዳያገላብጥባት መጽሐፉን በትራስ ተጫነችው። ከኑረዲን እጅ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ኑረዲንና እሷ ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ሒክማና ዮሳዲቅ ግን የሚማሩት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ምን እንደሚል የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አሁን ያ ሰው እሷ ሆነች። ከመጀመሪያዋ አርብ ጀምሮ የተመኘችው ይህን ነው። ሰይፉን አይደለም። አውሬው በሷ አፍ እንዲናገር ነበር የፈለገችው። ከጨው ሐይቁ በታች ስላለች ከተማ አንድ ታሪክ ከወዲሁ ጀምራለች፤ የከተማዋ በር በምን እንደሚከፈት ብቻ ቀርቷታል።

የመሣሪያዎቹን ምዕራፍ አገኘችና ቀስ እያለች አነበበች። ነገሩ ካሰበችው በላይ ብልሃት አለበት። አንዷ ምራቂ ሁለት ቦታ ትሠራለች ይላል፦ መጀመሪያ ሰይፉ ዒላማውን እንዲያገኝ፣ ካገኘ በኋላ ቁስሉ እንዲጠልቅ። ተራ ብረት ጭራሽ የማይደፍራቸው አውሬዎችም አሉ፤ ቢወጓቸው ብረቱ እንደ ጭስ ያልፋቸዋል። እነሱን ምራቂ ያለው መሣሪያ ብቻ ነው የሚያቆስላቸው፣ ምራቂው አንድ ቢሆንም እንኳ። ትልቁ የሰይፍ ምራቂ ደግሞ ሦስት ነው። ከሦስት በላይ የለም።

«ለምን ሦስት ብቻ?» አለች ጮክ ብላ።

እናቷ አዳነች በሩ ሥር ልብስ ታጥፋለች። ሳምንቱን ሙሉ ሀራሙስ የሰው ቤት ሠርታ የምታርፈው በቅዳሜ ነው፤ ዕረፍቷ ይህ ነው እንግዲህ። «ምኑ ነው ሦስት?»

«የሰይፉ።»

«ሰይፉ የት አለ?»

«የለም፣ እማዬ። ጨዋታ ነው።»

«የገደልሽውስ አውሬ?»

«እሱም የለም።»

«ታዲያ ሒክማ ትናንት በመንገዱ ማዶ ስታልፍ አንገቷን ያዞረችብኝ ምን ሆና ነው?»

ትርሲት ገጽ ገለበጠች። «ተቀይማ ነው መሰለኝ።»

«አውሬውም የለ፣ ሰይፉም የለ» አለች አዳነች አንሶላውን እያራገፈች። «ሒክማ ግን አለች።»

የትርሲት ዓይን ከገጹ ግርጌ ባለች አጭር አንቀጽ ላይ ተተክሏል። አነበበችው። መልሳ አነበበችው። ያላወቀችው ቃል እንዳለ ብላ በስልኳ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ቃል ፈለገች፤ ያላወቀችው ቃል አልነበረም። አንድ ዓይነት ምራቂዎች በአንድ መሣሪያ ላይ ቢገናኙ አይደመሩም፤ ትልቁ ይቆማል፣ ሌላው እንዳልነበረ ይቆጠራል። የአንጥረኛው አስማትና የቄሱ ቡራኬ አንድ ዓይነት ናቸው። በምሳሌ ጭምር ጽፎታል፤ ምሳሌው ቡራኬ የተጨመረበት ሰይፍ ነው።

አሥራ ሦስት፣ ሲደመር ሁለት፣ ሲደመር አንድ።

አሥራ ስድስት።

መጀመሪያ የተሰማት ሐፍረት አልነበረም። ውሸት አይነገርም፤ መጀመሪያ የተሰማት ‹ግን ለምን?› የሚል ነው። እንዲህ ናት እሷ፤ ቤት ቢቃጠል እሳቱ በየት በኩል እንደጀመረ ሳትጠይቅ አትወጣም። ዳይሱን አነሳችና ብቻዋን ሞከረችው። ምራቂ አንድ ይዛ አውሬውን መታች፤ አንዴ አገኘች፣ አንዴ ሳተች፣ ስትስት ልቧ ቆመ፣ ስታገኝ ዘለለ። ከዚያ የአንጥረኛውንም የቄሱንም ደመረች፤ የጠንቋይ ቅባት ጨመረች፤ የንጉሥ ቀለበት ጨመረች፤ እጇ የገባውን ሁሉ ደራረበች። አሁን ዳይሱ ምንም ቢወድቅ ታገኛለች። ስድስት ወደቀ፣ አገኘች። አራት ወደቀ፣ አገኘች። ወዲያው ሰለቻት። ሳታየው እንኳ ማግኘቷን አወቀች፤ ዳይሱ ሥራ ፈት ሆኖ አንሶላው ላይ ይንከባለላል።

ለዚህ ነው ሦስት ላይ የሚቆመው። ለዚህ ነው የማይደመረው። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ምራቂውን እየቆነጠሩ የሰጡት ንፉግ ሆነው ሳይሆን ለዳይሱ የሚናገረው ነገር እንዲተርፈው ነው። ትርሲት ይህን በማግኘቷ ደስ ብሏት ለሰው ልትነግር ስልኳን አነሳች። ጣቷ የሒክማ ስም ላይ ሄዶ ቆመ። እንደዚህ ያለውን ነገር የምትነግረው ለሒክማ ነዋ፤ ለማን ልትነግር ነበር?

ወደ ኑረዲን ስም ወረደችና የድምፅ መልእክት ላከች። «ኑሬ፣ ገብታችኋል? መጽሐፉን እያነበብኩ ነው። ምራቂ ላይ ምራቂ አይደመርም ይላል። ሰይፌ ስቶ ነበር።»

መልሱ ቶሎ አልመጣም። ሲመጣ ከጀርባው የባጃጅ ጥሩንባና የሕፃን ለቅሶ ይሰማል።

«ወላሂ እንደምታገኚው አውቄ ነበር» አለ ኑረዲን። «ስሚኝ፣ እኔ ሕጉን ከድሮም አውቀዋለሁ። ዮሳ ጸሎቱን ሲያነሳ ‹አይሆንም› ልል ነበር። ከዚያ አየሁሽ። ሒክማ ፈረንሳይኛ አታነብም፣ ሳጥኑ እሷ ጋ ቢሄድ መጽሐፉ ምን ያደርግላታል? ጨዋታው ሊሞት ነው። ላንቺ ይገባሻል ብዬ ነው። አንቺ ደግሞ ተይው አቦ። የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን። ለሷ ከነገርሻት እኔን ነው ውሸታም የምትለኝ፤ ከዚህ ሆኜ ምን ብዬ ልታረቃት? ተይው።»

ትርሲት መልእክቱን ደጋግማ ሰማችው። የሚያናድደው፣ ሞኝ ነገር አለመናገሩ ነው። ሒክማ መጽሐፉን አታነብም፤ ይህ እውነት ነው። ለትርሲት ይገባታል፤ ይህም እውነት ሳይሆን አይቀርም። እውነት በእውነት ላይ ደራርቦ ሰጣት፤ ሲደመር ግን ያው ያልመታ ሰይፍ ነው። የከተማዋን ታሪክ የጻፈችበትን ወረቀት አውጥታ ልትቀጥል ሞከረች። በሩ በምን እንደሚከፈት ማሰብ ነበረባት። አልመጣላትም።

«ራትሽን ብዪ» አለች አዳነች።

«አልራበኝም።»

«የሌለ አውሬ ገድለሽ ያለውን ራት ልትተዪ ነው? ብዪ።»

በላች።

እዚህ አገር የሳምንቱ ትምህርት በሚጀመርበት እሑድ፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ፀሐይ መጨከኗን ትንሽ ስትተው፣ ትርሲት ሳጥኑን በፌስታል አድርጋ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ወዳለው የሒክማ ቤት ሄደች። ማይሙና ከገበያ ገብተው ምንጣፍ ላይ ጋደም ብለዋል።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ማይሙና።»

«ግቢ የኔ ልጅ። ያቺ ጓደኛሽ ከአርብ ጀምሮ ፊቷ የተረገጠ ጣሳ መስሏል። ጥርሷን አሟት እንደሆነ ብዬ ቅርንፉድ ሰጠኋት፤ መልሳ ሰጠችኝ። ውስጥ ናት።»

ሒክማ ውስጠኛው ክፍል ካልሲ ትሰፋለች። ቀና አላለችም።

«ሳጥኑን ልታሳዪኝ ነው የመጣሽው?»

«መጽሐፉን ላነብልሽ ነው» አለች ትርሲት።

«ሙድ አትያዥብኝ።»

«አልያዝኩም። ስሚኝ ብቻ።» ተቀመጠችና የገጹን ግርጌ ከፈተች። መጀመሪያ በፈረንሳይኛው አነበበችው፣ ቀጥላ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለሰችላት። ምሳሌውንም አልዘለለችውም። ስትጨርስ አንገቷ ላይ ያለው ላብ ወደ ጀርባዋ ወርዷል።

ሒክማ መርፌውን ካልሲው ላይ ሰክታ ተወችው። «ኑረዲን አያውቅም ነበር?»

እዚህ ላይ ትርሲት ልትዋሽ ትችል ነበር። ትንሽዬ ውሸት ናት፤ ማንንም አትገድልም፣ አንድ የሄደ ልጅ ታተርፋለች። «ያውቅ ነበር» አለች። «ሳጥኑ ለኔ እንዲሆን ፈልጎ ነው። ትናንት ነገረኝ። እንዳልነግርሽም ነገረኝ። ደግሞ ዮሳ ስለ ጃንጥላ ሲቀልድ እኔም ሳቅኩ።»

«ሰምቼሻለሁ። ያንቺ ነው የረዘመው።»

«አዎ።»

ከውጭ ማይሙና ለጎረቤት በሶማልኛ አንድ ነገር ተናግረው ሲስቁ ተሰማ። ሒክማ መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳበችው። ማንበብ የማትችለውን አንቀጽ በጣቷ ተከተለችው።

«ለምንድነው ግን የማይደመረው?» አለች። ድምጿ አሁንም ቀዝቃዛ ነው፤ ጥያቄው ግን ከአፏ አምልጧታል። «ምክንያት አለው ወይስ ዝም ብለው ነው?»

ትርሲት ከትናንት ጀምሮ ይህን የሚጠይቃት ሰው ፍለጋ ልትፈነዳ ደርሳ ነበር። አልጋው ላይ ብቻዋን የሞከረችውን፣ የደራረበችውን፣ የሰለቻትን፣ ዳይሱ ሥራ ፈት መሆኑን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘከዘከችላት። ሒክማ ስታዳምጥ ቅንድቧ ቀስ እያለ ተሰበሰበ። ሒክማ እንዲህ ስታደርግ አንድ ነገር እያገኘች ነው።

«እንግዲያማ የኔም እንደዚያው ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ቀስቴ ምራቂው አንድ ነው። ፍላጻዎቼ ሁለት። እኔ ሁልጊዜ ሦስት እያልኩ ነው የምደምረው። አንድ ዓይነት ከሆኑ ትልቁ ብቻ ነው የሚቆመው። ሁለት።»

ትርሲት ይህን አላሰበችውም ነበር። መጽሐፉን አገላበጠች፤ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ ስለ ቀስትና ፍላጻ ራሱን የቻለ መስመር አለ። ልክ እንደ ሒክማ ቃል ነው። «እንዴት አወቅሽ?»

«ጃንጥላ ስለምሸጥ» አለች ሒክማ። አልሳቀችም፤ ግን ካልሲውን ወደ ጎን አደረገችው። «አውሬው አልሞተም ማለት ነው።»

«አልሞተም።»

«ተራው የኔ ነበር።»

«ያንቺ ነው» አለች ትርሲት። ሳጥኑን ከፈተችና ዳይሱን አውጥታ ሰጠቻት። ሒክማ ካገኘች ሳጥኑ በዚሁ ቤት ይቀራል፤ ትርሲት ይህን ታውቃለች። ከጨው ሐይቁ በታች ያለችው ከተማ በሯ እንደተዘጋ ይቀራል። እጇ ዳይሱን ሲለቅ ትንሽ ዘገየ፤ ለቀቀ ግን።

«ክንዴ ሁለት፣ ፍላጻዬ ሁለት። አሥራ ሦስት ካመጣሁ በቂዬ ነው» አለች ሒክማ። ዳይሱን በሁለት መዳፏ መሐል አራገፈችው፣ ወረወረችው። ዳይሱ በምንጣፉ ላይ ተንከባለለና የክር ኳሱን ነክቶ ቆመ።

አራት።

ዳይስ ይሉኝታ የለውም። እንዲህ ያለ ዕርቅ ተደርጎ፣ እንዲህ ያለ እውነት ወጥቶ፣ ቢያንስ አሥራ አምስት ማምጣት ነበረበት። አራት።

«ሳትሽ» አለች ትርሲት።

«አየሁት። ዓይን አለኝ።» ሒክማ ዳይሱን ከምንጣፉ አነሳችው። «አሁን ተራው የማነው?»

«የአውሬው።»

«በማን አፍ?»

ሁለቱም ሳጥኑን አዩ። አውሬውን የጣለ ይወስዳል ነበር የተባለው፤ አውሬውን ግን ማንም አልጣለውም። ኑረዲን ድሬዳዋ ነው። ዮሳዲቅ ጸሎቱ ከንቱ እንደነበር ገና አልሰማም፤ ሲሰማ ቡራኬውን መልሱልኝ ማለቱ አይቀርም። ትርሲት ትናንት ቢሆን መልሱን ታውቀው ነበር፤ መጽሐፉን የሚያነብ ይናገራል ትል ነበር። አሁን የአውሬው ሥዕል ያለበትን ገጽ ፈልጋ አወጣች፤ መጽሐፉን አዙራ ሒክማ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

«እኔን ሲመታ አንቺ ተናገሪለት» አለች። «አንቺን ሲመታ እኔ።»

«አላነበውም እኮ።»

«አነብልሻለሁ። የምትወስኚው አንቺ ነሽ።»

«ሳጥኑስ የት ሊያድር ነው?»

«አንድ ሳምንት እዚህ፣ አንድ ሳምንት እኛ ቤት። ዮሳም ካለ ይቀላቀል።»

«ዮሳ ጋ አይሄድም። ታናሽ ወንድሙ ተዋጊዎቹን ይበላቸዋል» አለች ሒክማ። ከዚያ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ጥርሶቹን፣ በጨው የተለሰነ ጀርባውን፣ ጎኑ ላይ ያለውን አሮጌ ጠባሳ። ጉሮሮዋን ጠረገች። ስትናገር ድምጿ ወፍሮ የሌላ ሰው ሆነ፤ ውጭ የነበሩት ማይሙና ሳይቀሩ ወሬያቸውን አቋረጡ።

«አውሬው ቀስተኛዋን አየት አደረገና ተዋት። ወደ ባለ ሰይፏ ዞረ።»